ሰርተፊኬት ሳይጠብቁ፦ ለጎልማሳ ስደተኞች እንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህር ራሱን እንዴት ያሠልጥን?

አዲስ አበባ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ኮሙናል በምንለው የጋራ ቤት፣ በሳምንት ሦስት ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሁሉም ከቦታቸው የተነቀሉ ወይም ሊነቀሉ የተዘጋጁ ናቸው። አንዷ ሪያድ ስምንት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። አንዱ ከኤርትራ የመጣ የብየዳ ባለሙያ ሲሆን ካናዳ ያለች እህቱ ስፖንሰር አድርጋው «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ማለት ከጀመረ ሦስት ዓመት አልፎታል። አንድ ወጣት ከወሊሶ ገጠር መጥቶ ለቡ አካባቢ ሕንፃ ላይ ብሎኬት ያቀብላል። አንዲት እናት ደግሞ አውስትራሊያ ያለች ልጃቸው ልትወስዳቸው ስለሆነ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው እርሳስ መያዝ ጀምረዋል። እኔ የሠለጠንኩት የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን ሰዋስው ለማስተማር ነው።

ከአያት እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከጀሞ እስከ ቡራዩ፣ በከተማዋ ዳር ዳር እንዲህ ዓይነት ክፍል የያዝን መምህራን ጥቂት አይደለንም። መሐል ከተማ ሥልጠና ሲገኝ እንኳ ሁለት ታክሲ ይዞ ደርሶ መመለሱ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ሥልጠናውም አብዛኛውን ጊዜ የተሰናዳው ለሕፃናት መምህር ነው። ስለዚህ ራሴን ማሠልጠን የጀመርኩት ከትጋት ሳይሆን ከችግር ብዛት ነው። ቅደም ተከተሉን እንደሠራልኝ አስቀምጬዋለሁ። ሁሉንም ለማዳረስ አንድ የትምህርት ዓመት ይበቃል። ጊዜ ካጠረዎት ሌላውን ይዝለሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ግን አይዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ከማን ጋር እንደተቀመጡ ይወቁ

በመጀመሪያው ሳምንት የሰዋስው ፈተና አይስጡ። ፈተናው የሚነግርዎት ማን ትምህርት ቤት እንደገባና ማን እንዳልገባ ብቻ ነው፤ እሱንም ሳያሳፍሩ ጠይቀው ሊያውቁት ይችላሉ። በዚያ ፋንታ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ ይክፈቱና በሚግባቡበት ቋንቋ፣ ለብቻ፣ አራት ነገር ይጠይቁ፦ በየትኛው ፊደል ያነባሉ? ስንት ዓመት ተምረዋል? እንግሊዝኛ የሚያስፈልግዎት የት ቦታ፣ ከማን ጋር ለመነጋገር ነው? በቀን ውስጥ እንግሊዝኛ የሚሰሙበት አጋጣሚ አለ?

ከአራቱ ውስጥ ክፍሌን የለወጠው የፊደሉ ጥያቄ ነው። ከወሊሶ የመጣው ወጣት «ሲክስ» የሚለውን ቃል ከሰሌዳው ላይ «ሲጥ» ብሎ ሲያነብ ግድየለሽ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ልጁ የተማረው በቁቤ፣ ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል ነው። በቁቤ «ኤክስ» የምንላት ፊደል ጥ ናት፤ «ሲ» ጭ ናት፤ «ኪው» ደግሞ ቅ። የቤቱን ሕግ በትክክል ጠብቆ ነው ያነበበው። ሶማሊኛ የተማረ ሰው ደግሞ ያችኑ «ኤክስ» ሐ ብሎ፣ «ሲ»ን ዐ ብሎ ያነባታል። ሁለቱም የላቲኑን ፊደል ያውቃሉ፤ የማያውቁት እንግሊዝኛ ለፊደሎቹ የሰጠውን ድምፅ ነው። እንዲህ ላለው ተማሪ «ኤ ለአፕል» ብሎ ከዜሮ መጀመር ስድብ ነው፤ የሚያስፈልገው የሚለያዩትን ሰባት ስምንት ፊደላት ለይቶ ማሳየት ነው።

በግዕዝ ፊደል ብቻ ያነበበ ሰው ችግሩ በሌላ በኩል ነው። ለእሱ አንድ ምልክት ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ይመጣል፤ የተጻፈውም እንደተጻፈ ይነበባል። አምስት አናባቢ ፊደላት እንደፈለጉ ድምፅ የሚለዋውጡበትን ጽሕፈት ሲያይ የተታለለ ይመስለዋል፤ አይፈረድበትም። በምንም ፊደል የማያነብ ሰው ደግሞ ፈጽሞ የተለየ ሥራ ይጠይቃል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህኛው የእኔን ትዕቢት ያስተነፈሰ ነው። በእንግሊዝኛ መርከብና በግ፣ በእኛ ጆሮ ሁለቱም «ሺፕ» የሚመስሉት፣ የሚለያዩት በከፊል በአናባቢው እጥረትና እርዝመት ነው። አማርኛ በአናባቢ እርዝመት ትርጉም ስለማይለይ የእኔ ጆሮ ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል። ኦሮምኛ ግን ይለያል፦ «ላፋ» አናባቢዎቹ ሲያጥሩ መሬት፣ ሲረዝሙ ለስላሳ ማለት ነው። ስለዚህ በዚህች ትምህርት ላይ ብሎኬት የሚያቀብለው ልጅ ከእኔ ይሻላል። አሁን ያንን ትምህርት ሰሌዳው ፊት ቆሞ የሚያስጀምረው እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ የራስዎን ድምፅ ይቅዱ

ይህኛው ያማል፤ ግን ከማውቃቸው ሥልጠናዎች ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው ነው። ስልክዎን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉና የትምህርቱን 15 ደቂቃ ይቅዱ። አስቀድመው ተማሪዎቹን ያስፈቅዱ፤ የሚቀዱት የራስዎን አነጋገር ለማረም እንደሆነና አዳምጠው እንደሚያጠፉት ይንገሯቸው። አንድ ሰው እንኳ ፊቱ ከጠቆረ ይተዉት። አገሩን ሸሽቶ የመጣ ሰው ድምፁ ተቀድቶ የት ሊደርስ እንደሚችል ሲያስብ እኛ የማናየውን ያያል። እንዲህ ሲሆን ብቻዎን ቤት ውስጥ ትምህርቱን ጮክ ብለው አስተምረው ይቅዱት፤ ግማሹን ያህል ይጠቅማል።

ከዚያ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ያዳምጡና ይቁጠሩ። ስንት ጥያቄ ጠየቁ? ከጥያቄው በኋላ ስንት ሰከንድ ታገሡ? ስንቱን ራስዎ መለሱት? ማን ተናገረ፣ ማን ዝም አለ?

በመጀመሪያው ቅጂዬ ከ15 ደቂቃ ውስጥ 11ዱን የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። «ገባችሁ?» ያልኩት 19 ጊዜ ነው። 19ኙንም ጊዜ «አዎ ቲቸር» ብለውኛል። ጎልማሳ ሰው፣ ያውም ታላቅነቱን የሚያውቅ ሰው፣ በሰው ፊት «አልገባኝም» እንዲል መጠበቅ የዋህነት ነው። አሁን «ገባችሁ?»ን ከአፌ አውጥቻለሁ። በምትኩ መልሱ ካልገባ የማይመለስ ነገር እጠይቃለሁ፦ ስለ ሐኪም ቀጠሮ ከሆነ ያስተማርኩት «ቀጠሮው ስንት ሰዓት ነው? ባዶ ሆዳችሁን ነው የምትሄዱት ወይስ በልታችሁ?» እላለሁ።

ስለ መታገሡ ደግሞ የታወቀ ጥናት አለ። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ክፍሎችን ሲያጠኑ መምህራን ከጥያቄ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ ሆኖ አገኙት። ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲል የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉትም መናገር ጀመሩ። ያ ጥናት በራሳቸው ቋንቋ በሚማሩ ልጆች ላይ የተደረገ ነው። የእኔ ተማሪ ጥያቄውን ወደ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ መልሶ፣ መልሱን አስቦ፣ እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ያመጣል፤ ሦስት ሰከንድ አይበቃውም። በልቤ እስከ ሰባት እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ያስጨንቃል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይለመዳል።

በየቅጂው አንድ ነገር ብቻ ይምረጡና በወሩ ውስጥ እሱን ብቻ ያርሙ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ላርም ያሉ ቀን ሁለተኛ መቅዳት እንደማይፈልጉ ከልምድ እነግርዎታለሁ።

ደረጃ 3፦ ለጥቂት ሳምንት ደካማ ተማሪ ይሁኑ

የማያውቁትን ቋንቋ፣ ከተቻለ በማያውቁት ፊደል፣ ዐሥር ሰዓት ያህል ይማሩ። እኔ ከሪያድ የተመለሰችውን ተማሪዬን ዓረብኛ አስተምሪኝ አልኳት። መናገሩን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች፤ መጻፉን ግን አታውቀውም። ስለዚህ ለንግግሩ እሷ፣ ለፊደሉ ደግሞ ሰፈራችን ያለ አንድ ሸምገል ያለ ባለ ሱቅ አስተማሩኝ። ከቀኝ ወደ ግራ ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ። ሦስት ጊዜ የተነገረኝን ቃል አራተኛ ጊዜ ስጠየቅ ጠፋብኝ። እሷም ሳቀችና «ቲቸር፣ ገባህ?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያስተካከልኳቸው ነገሮች ከመጽሐፍ የመጡ አይደሉም። በአንድ ማታ የማስተምራቸውን አዳዲስ ቃላት ከ20 ወደ 7 ቀነስኩ። ከሰሌዳ መገልበጥ ለጀማሪ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ስለቀመስኩት የሚገለበጠውን በእጃቸው በሚይዙት ወረቀት ላይ አደረግኩት። ከሁሉም በላይ ግን ያቺ ሴት አስተማሪ ስትሆን ፊቷ እንዴት እንደሚበራ አየሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በእንግሊዝኛው ክፍል እጇን ያነሳችው የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ደረጃ 4፦ አንድ ችግር ለአንድ ወር ይያዙ

በመንግሥት ትምህርት ቤት የሠራ ሁሉ ተሙማን ያውቃል፤ ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ፣ በዓመት 60 ሰዓት፣ ፋይል ተይዞ፣ ተፈርሞበት። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ፊርማውን ነው። ዐሳቡ ግን ጤናማ ነው፦ ችግሩን ለይ፣ ዕቅድ አውጣ፣ ተግብር፣ ገምግም። ጥፋቱ ችግሩ ከላይ ተመርጦ መምጣቱ ላይ ነው። ችግሩን እርስዎ ከራስዎ ክፍል ሲመርጡት ያው ዑደት ሕይወት ይዘራል።

እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ብየዳ የሚሠራው ተማሪዬ የስልክ ቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ተሰጥቶት «በሦስት ሰዓት» ተብሎ ነበር። እሱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩን ይዞ ቁጭ አለ፤ የተባለው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለነበር በእኛ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲደወል ሥራ ላይ ነበር፤ ስልኩን አላነሳውም። ስንት ወር የጠበቀው ጉዳይ በስድስት ሰዓት ልዩነት ተጨናገፈ። እኔ ደግሞ ሰዓት መቁጠርን ከአንድ ወር በፊት «አስተምሬ» ጨርሼ ነበር፤ የመማሪያው መጽሐፍ እንዳለው፣ የሰዓት ሥዕል እያሳየሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ችግሩን መመርመር ነው። የተማሪዎቼን ቅጾች አሰባሰብኩና የሚሳሳቱበትን መዘገብኩ። የልደት ቀን፣ ስም፣ ሰዓት፤ ሦስቱም እንግሊዝኛ አይደሉም፤ የሁለት አቆጣጠሮችና የሁለት ልማዶች ግጭት ናቸው።

ሁለተኛው ሳምንት እኔ ራሴ የማላውቀውን ማጥናት ነው። የልደት ቀን ስንመልስ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ይጨመራል፤ ጥር 5 ቀን 1982 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጅ ጃንዋሪ 13 ቀን 1990 ነው። ዘመነ ሉቃስን ተከትሎ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቀን ይገፋል፤ ይህንን መምህሩ ካላወቀ ተማሪው በምን ያውቃል? ስምም እንዲሁ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ቅጹ ግን «የቤተሰብ ስም» ይላል። ሁልጊዜ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ በፓስፖርቱ ወይም በመታወቂያ ሰነዱ ላይ በየትኛው መስመር ምን እንደተጻፈ ያንኑ፣ ፊደሉ ሳይለወጥ፣ በሁሉም ቅጽ ላይ ይጻፉ። ባልና ሚስት ለምን የተለያየ ስም እንደያዙ የሚያስረዳ አንድ ዓረፍተ ነገርም በቃላቸው እንዲይዙ አደርጋለሁ፤ ይጠየቃሉና።

ሦስተኛው ሳምንት ማስተማሩ ነው። ሁለት የግድግዳ ሰዓት ሰቀልኩ፤ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በእነሱ። ቀጠሮ የሚሰጥ ሰው ሆኜ ስልክ ደወልኩላቸው፤ እነሱ ደግሞ «ጠዋት ነው ከሰዓት በኋላ? በየትኛው አቆጣጠር?» ብለው እንዲጠይቁኝ። በዚህ መሐል ያልጠበቅኩት ሁለት ነገር ብቅ አለ። አንደኛው፣ አየር ወደ ውስጥ እየሳብን የምንለው «አዎ» በስልክ አይሰማም፤ ደዋዩ መስመሩ የተቋረጠ ይመስለዋል። ሁለተኛው የአሉታ ጥያቄ ነው። «ደብዳቤው አልደረሰህም?» ሲባል እኛ «አዎ» ስንል አልደረሰኝም ማለታችን ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን የዚያኑ ተቃራኒ ይሆናል። የአንድን ሰው ፋይል የሚያበላሽ «አዎ» ነው።

አራተኛው ሳምንት መገምገም፦ ባዶ ቅጽ ሰጥቼ ያለ እርዳታ አስሞላሁ። ከ14ቱ ዘጠኙ ሦስቱንም በትክክል ሞሉ፤ አምስቱ አልቻሉም። ከአምስቱ አራቱ በማንኛውም ፊደል ማንበብ የማይችሉት ናቸው። የሚቀጥለው ወር ችግሬ ራሱ ተገኘ ማለት ነው።

ማንበብ ለማያውቁት የተለየ ዝግጅት

በእኛ አገር ጎልማሳን ፊደል የማስቆጠር ልምድ ሞልቶ ተርፏል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ያስገኘ ነበር፤ አሁንም የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የሚሰጡ አመቻቾች በየወረዳው አሉ። ጡረታ የወጣ የዘመቻው አስተማሪ ሰፈርዎ ውስጥ አይጠፋም። ሄደው ቡና ይጠጡና ይጠይቁት። እኔ ከአንድ እንዲህ ካለ ሰው የተማርኩት ከቃሉ ተነስቶ ወደ ፊደሉ መሄድን ነው፤ «ኤ፣ ቢ፣ ሲ»ን ከማስቆጠር በፊት ተማሪዋ የራሷን ስም፣ የልጇን ስምና የምትሄድበትን ከተማ ስም በመልኩ እንድትለይ ማድረግ። እናታችን «ሜልቦርን»ን ከሌሎች ዐሥር ቃላት መሐል ለቅመው ሲያወጡ ገና ሙሉውን ፊደል አልቆጠሩም ነበር።

ከተቻለ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ማንበብን በሚናገሩት ቋንቋ ይማሩ፤ ጊዜ ከሌለ ግን ንግግሩን ከጽሕፈቱ ይለዩት። በጽሕፈት ዜሮ የሆነ ሰው በንግግር ሩቅ ሊሄድ ይችላል። ለመምህሩ መለኪያ የሚሆን ነገር ከፈለጉ የአውሮፓ ምክር ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ላስሊያም የተባለ መመሪያ አለ፤ የተጻፈው በትክክል ለእነዚህ ሰዎች፣ በሁለተኛ ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበብ ለሚማሩ ጎልማሳ ስደተኞች ነው፤ ንባብና ጽሕፈትን በአራት ደረጃ ከፍሎ ያሳያል። ረጅም ስለሆነ ሠንጠረዦቹን ብቻ ያትሙ።

ደረጃ 5፦ አንድ ባልደረባ ይያዙ

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የጉድኝት ማዕከል የሚባል፣ የተጎራበቱ ትምህርት ቤቶች መምህራን ልምድ የሚለዋወጡበት አሠራር አለ፤ እኛ ግን ከመዋቅር ውጭ ነን። ስለዚህ የሁለት ሰው ጉድኝት ፈጠርን። ዓለም ባንክ አካባቢ የምታስተምር አንዲት መምህርት በወር አንድ ማታ የእኔ ክፍል ትመጣለች፤ እኔም በወር አንዴ የእሷ ክፍል እሄዳለሁ። ሕጋችን ትንሽ ነው። ታዛቢ መምህሩን አያይም፤ አንድ ተማሪ ይመርጥና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሱን ብቻ ያያል። ምን ጻፈ? ማንን ጠየቀ? መቼ ስልኩን አየ? ከዚያ በኋላ ያየውን ይናገራል እንጂ አይፈርድም። «ጥሩ ነበር» ማለት ክልክል ነው። በይሉኝታ የተሞላ አስተያየት ቡናውን ብቻ ነው የሚያስጨርሰው።

አንድ ጊዜ ከኋላ የምትቀመጥ ተማሪዬን አየችና «45 ደቂቃ ሙሉ ስሟ አልተጠራም» አለችኝ። ስሟን አላውቀውም ነበር።

አጠራርም የዚሁ አካል ነው። በወጣትነት ዕድሜ ላይ ያለ መምህር ከሆኑ «አንቺ»ና «አንተ»ን በተለይ መጀመሪያ ላይ ይቆጥቡ፤ ጋሼ፣ እትዬ፣ እናቴ እያሉ ይጀምሩ። እንግሊዝኛው ሁሉንም «ዩ» ብሎ ስለሚያስተካክል አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች መምህራቸውን «ዩ» ማለት ይከብዳቸዋል፤ ቋንቋው እንዲያ እንደሆነ፣ ንቀት እንዳልሆነ አንዴ ግልጽ አድርጎ መንገር ዝምታቸውን ይፈታል።

ሳይጠየቅ የሚታለፍ ነገር

ይህንን ከጥፋቴ ነው የተማርኩት። መጽሐፉ «የቤተሰብ ዛፍ» የሚል ትምህርት ነበረው፤ እኔም አንዱን ተማሪ «ስንት ወንድሞች አሉህ?» ብዬ ጠየቅኩት። ለጥቂት ጊዜ ሰሌዳውን አየና ወጥቶ ሄደ። ለሁለት ሳምንት አልተመለሰም። መንገድ ላይ፣ በረሃ ላይ፣ ባሕር ላይ ሰው የቀረባቸው ሰዎች መሐል ቆሜ ነበር ያንን የጠየቅኩት።

አሁን ስለ ቤተሰብ ስናወራ ሥዕል ላይ ያለ የሌላ ሰው ቤተሰብ እንጠቀማለን፤ የራሱን ማውራት የፈለገ ያወራል። ስለ ጉዞ፣ ስለ አለቆችና ስለ ካምፕ አልጠይቅም። አንድ ሰው ክፍል ውስጥ ቢከፋው መምህሩ ሐኪም ለመሆን አይሞክር፤ ውኃ ይስጥ፣ ከክፍሉ ወጣ ብሎ ይቀመጥ ዘንድ ይፍቀድ፣ በኋላ ለብቻ ይጠይቅ። የሰነድ ጉዳይ ሲነሳም እንደዚያው ነው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስለ ሥራና ትምህርት መብት የሚለውን መምህሩ ቢያነበው ጥሩ ነው፤ ለግለሰቡ ጉዳይ ግን ወደ ስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ይምራው። የማስተርጎም ልመና ይበዛብዎታል፤ ቅጽ ማንበብን ያስተምሩ እንጂ ቅጽ አይሙሉላቸው፤ የተሳሳተ ቢሆን ዕዳው የእርስዎ ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ነፃ የሆነውን መርጠው ይውሰዱ

ኢንተርኔት ላይ ያለው ብዙ ነው፤ ዳታ ደግሞ ውድ ነው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አንድ ቀን ተቀምጠው የሚከተሉትን ብቻ ያውርዱና ፎቶ ኮፒ ቤት ያሳትሙ። የአውሮፓ ምክር ቤት ለበጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎች ያዘጋጀው ስብስብ 57 መሣሪያዎች አሉት። ዐሥር ያህሉን ተጠቅሜያለሁ፤ ከሁሉም የወደድኩት ተማሪው በሰው ቅርጽ ላይ የሚያውቃቸውን ቋንቋዎች በየቀለሙ የሚያስቀምጥበትን ነው። ብየዳ ሠሪው ትግርኛን ልቡ ላይ፣ ዓረብኛን እግሩ ላይ፣ አማርኛን ሆዱ ላይ አደረገ፤ «የምበላበት ነው» ብሎ። የብሪቲሽ ካውንስል የመምህራን ድረ ገጽም ነፃ ትምህርቶች አሉት።

ስለሚሄዱበት አገርም ጥቂት ይወቁ፤ ይጠየቃሉ። የካናዳ የቋንቋ መለኪያ 12 ደረጃ አለው፤ ለዜግነት ከ18 እስከ 54 ዓመት ያሉ አመልካቾች በመናገርና በማዳመጥ ደረጃ 4 ይጠየቃሉ። አውስትራሊያ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጎልማሳ ስደተኞች በመንግሥት ወጪ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ይህንን ስነግራቸው ትከሻቸው ሲቀል አያለሁ፤ ሁሉንም እዚህ ጀሞ ላይ መጨረስ እንደሌለባቸው ይገባቸዋልና። የእኛ ድርሻ አውሮፕላን ማረፊያው፣ የመጀመሪያው ሐኪምና የመጀመሪያው ስልክ ነው።

ሰርተፊኬትስ?

ብር ከማውጣትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ እኔ ሳስተምር ቁጭ ብሎ የሚያየኝ ሰው አለ ወይ? በዓለም የታወቀው ሴልታ የተባለው የእንግሊዝኛ መምህራን ሰርተፊኬት ቢያንስ 120 ሰዓት የሚሰጥ ሲሆን 6 ሰዓት እየታዩ እውነተኛ ጎልማሶችን ማስተማርን ይጠይቃል፤ ዋጋው ለእኛ ደመወዝ ከባድ ቢሆንም ቁም ነገሩ እዚያች 6 ሰዓት ላይ ነው። ማንም ሳያይዎት በሁለት ቀን ቪዲዮ አይተው የሚያገኙት ወረቀት ግድግዳ ያሳምራል። የእንግሊዝኛ ፈተና «እናሳልፋለን» ከሚሉ ደላሎች ደግሞ ራስዎንም ተማሪዎችዎንም ያርቁ።

የራስዎን እንግሊዝኛም አይርሱ። እኔና ባልደረባዬ ከክፍል ስንመለስ ከዓለም ባንክ እስከ ጀሞ በእግር የምንሄደው እንግሊዝኛ ብቻ እያወራን ነው። ሰው ይስቅብናል።

የሄዱት ይመልሱልዎት

የመጨረሻው ደረጃ ተማሪው ከሄደ በኋላ ነው። ለሚሄድ ሁሉ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ በሦስተኛው ወር፣ እንግሊዝኛ የጠፋብህን አንድ ቦታ በቴሌግራም በድምፅ ንገረኝ። እስካሁን ማንም ሰዋስው ብሎኝ አያውቅም። የአውቶቡስ ማስታወቂያ ብለውኛል፤ ስልክ ላይ «አንድን ይጫኑ፣ ሁለትን ይጫኑ» የሚለው ማሽን ብለውኛል። ካልጋሪ የገባች አንዲት ተማሪዬ ደግሞ እየሳቀች እንዲህ አለች፦ «ቲቸር፣ ሱቅ ከፍዬ ስጨርስ ልጅቷ የሆነ ነገር ትጠይቀኛለች፤ አዎ እላለሁ። ሁልጊዜ አዎ። ለካ ከረጢት ትፈልጊያለሽ ወይ ነው፣ ያውም በክፍያ! ቤቴ ከረጢት ብቻ ሆነ።»

በማግስቱ ማታ ሰሌዳው ላይ የሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሣልኩ።